አያቶቻችንን የት እንፈልጋቸው?
ከአበርገሌ እስከ ሰቆጣ የዘር ሐረግን ስለመፈለግ

(ይህ ትምህርት በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ሲሆን ለንባብ እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል።)

  



የዛሬውን ርዕስ የመረጥኩት ከጦርነቱ በኋላ ሰቆጣ ላይ ባጋጠመኝ አንድ የኒካሕ ጉዳይ ምክንያት ነው። ሙሽራው ቤተሰቦቹ ከአበርገሌ ተፈናቅለው ሰቆጣ የገቡ ወጣት ነው። ሙሽሪት እዚያው ሰቆጣ ተወልዳ ያደገች ናት። ሽማግሌ ተልኮ፣ መህር ተነጋግሮ፣ ቀን ተቆርጦ ካለቀ በኋላ የልጅቷ የአባቷ እናት የሙሽራውን እናት ስም ሰሙና «ቆዩ እስቲ! እኔ እኮ የዚህችን ሴት ልጅ አጥብቻለሁ» አሉ። ቤቱ ጸጥ አለ።

እንግዲህ አስቡት። እማማ ያጠቡት ሙሽራውን ራሱን ከሆነ ልጁ የጡት ልጃቸው ነው። ለሙሽሪት አባት የጡት ወንድም፣ ለሙሽሪት ደግሞ አጎት ሆነ ማለት ነው፤ ኒካሑ በፍጹም አይታሰርም። ያጠቡት ታላቅ ወንድሙን ከሆነ ግን ዝምድናው የጠባውን ልጅ እንጂ ወንድሙን አይመለከትም፤ ኒካሑ ሐላል ነው። ስንት ጊዜ መጥባት ዝምድናን ያጸናል በሚለው ላይ መዝሀቦች ይለያያሉ። እዚህ ቤት ግን ልጁ ወር ሙሉ ነው የጠባው፤ ስለዚህ በመጠኑ ላይ ክርክር አልነበረም። ክርክሩ የትኛው ልጅ ነበር የሚለው ነው። እማማ «ወንድ ነው፤ እናቱ ታማ ለሕክምና መጥታ እኛ ቤት አርፋ ነበር፤ ጡቷ ሲደርቅ ከመጨረሻ ልጄ ጋር አጠባሁት» ከማለት ሌላ አያስታውሱም። የልጁ እናት ወደ አኼራ ሄዳለች። አባትየው ደግሞ ሚስታቸው ሁለት ጊዜ ሰቆጣ እንደታከመችና በሁለቱም ጊዜ ሕፃን ይዛ እንደነበር ያውቃሉ እንጂ ስለ ማጥባቱ የሰሙት ነገር የለም።

ጉዳዩ እንዴት እንደተፈታ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ። አሁን ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ብዙዎቻችን የዘር ሐረግ ሲባል የሚመጣብን «እኔ የእነ እገሌ ዘር ነኝ» የሚለው ፉክክር ነው። በኢስላም ግን ነሰብን ማወቅ የሚፈለገው ለሌላ ነገር ነው። ማንን ማግባት ይቻላል፣ ማንን አይቻልም? ሟች ማን ማንን ትቶ ሞተ? ማንን መዘየር፣ ማንን መርዳት ይገባል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከዘራችን ዝምድናን የምንቀጥልበትን ያህል እንድንማር ማዘዛቸው በሐዲስ ተላልፏል። ቁርኣንም በሱረቱል ሑጁራት ሕዝቦችና ጎሳዎች የተደረጉት ለመተዋወቅ መሆኑን ይነግረናል። አቡበክር (ረ.ዐ.) ከቁረይሾች ሁሉ የዘር ሐረግ ዐዋቂ ነበሩ። ዑመር (ረ.ዐ.) በኸሊፋነታቸው ዘመን ለሙስሊሞች የሚሰጠውን ድርጎ ለመመደብ ዲዋን ሲያቋቁሙ፣ ስሙን በየጎሳው እየተከተሉ እንዲመዘግቡ የተሾሙት ነሰብ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ ጁበይር ኢብን ሙጥዒም (ረ.ዐ.) ናቸው። ዕውቀቱ የደመወዝ መዝገብና የውርስ ማካፈያ እንጂ መኩራሪያ አልነበረም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በዋግ የሚኖር ሙስሊም ቤተሰብ አያቱን የት ይፈልጋል?

መጀመሪያ መረዳት ያለብን መዝገብ የሚጻፈው በምክንያት መሆኑን ነው። በሰሜኑ ደጋ ድሮ ስም የሚጻፈው በዋናነት ለመሬት ነበር። ርስት ፈላጊ ከአቅኚው አባት ጀምሮ በአባቱም በእናቱም እየቆጠረ እስከ ራሱ ማድረስ ነበረበት፤ ያን የማይችል ከሸንጎ ተረትቶ ይወጣል። የመሬት ስጦታና ክርክር ደግሞ በየቤተ ክርስቲያኑ በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ይሰፍር ነበር። በብዙ የደጋ አገር ሙስሊሙ ከርስት የተገለለ ስለነበር በዚህ ዓይነቱ መዝገብ ውስጥ ስሙን መፈለግ ብዙ ጊዜ ባዶ እጅ ያስመልሳል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ የብዙዎቹ አያቶቻችን ሀብት መሬት ሳይሆን አጋሰስ፣ ሸማና ጨው ነበር።

ጨው ካልኩ ዘንድ ትንሽ ልቆይበት። ሰቆጣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስሟ የገነነው በአሞሌ ገበያዋ ነው። ከአፋር በረሃ የተቆረጠው ጨው በትግራይ ደጋ በኩል ወጥቶ ሰቆጣ ይደርሳል፤ ከዚያ ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም ወዲያ ይበተናል። በዚህ መንገድ ላይ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ነጋዴ ደግሞ በየመንገዱ ያገባል፣ በየመንገዱ ይወልዳል፣ በየመንገዱም ይቀበራል። ስለዚህ የሰቆጣ ሙስሊም ቤተሰብ አራተኛ አያቱን ሰቆጣ ላይ ቢያጣው አይደነቅ። እንደርታ፣ ኮረም ወይም ደሴ ላይ ሊያገኘው ይችላል። በዚሁ የጨው መንገድ ላይ በመቐለ አቅራቢያ በኲሓ፣ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ የተጻፉ የሙስሊም መቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። የሟቹ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ የሞተበትም ዘመን በሂጅራ ተቀርጾባቸዋል። እነዚያ ሰዎች የማናችን አያቶች እንደሆኑ ማንም ሊናገር አይችልም። ነገር ግን በዚህ መንገድ ላይ የሙስሊም ስም በድንጋይ መጻፍ የተጀመረው ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በላይ አስቀድሞ መሆኑን ማወቅ፣ «የእኛ ሰው ታሪክ የለውም» የሚለውን የልጆቻችንን ንግግር ያስተዋል።

ሥራው የሚጀመረው ግን ከድንጋይም ከወረቀትም ሳይሆን ከሰው አፍ ነው። በቤታችሁ ያሉትን አዛውንቶች ዛሬ ጠይቁ። ሲጠየቁም አጠያየቅ አለው። «አያትዎ መቼ ተወለዱ?» ብትሏቸው «እኔ ምን ዐውቄ» ነው መልሱ። በሚያውቁት ነገር ጠይቋቸው። ክፉ ቀን የሚባለው ረሃብ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ነው። የዐድዋ ዘመቻ 1888፣ የሰገሌ ጦርነት 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ የጣልያን መግባት 1928 ዓ.ም. ነው። የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ ከጣልያን ጋር ሲዋጉ የተገደሉት በ1930 ዓ.ም. መግቢያ ነው፤ ይህን ከአባቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎች ዛሬም በዋግ አይጠፉም። «አያትዎ ደጃች ኃይሉ ሲሞቱ አግብተው ነበር ወይስ ልጅ ነበሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። አፋቸውን የፈቱት በአገውኛ ከሆነ በአገውኛ ይናገሩ፤ በአማርኛ ሲሆን የሚቆረጥ ነገር አለ።

ሴቶቹንም አትርሱ። ወንዶቻችን ስማቸውን እስከ ሰባት አባት ይቆጥራሉ፤ «የአባትህ አያት እናት ማን ትባላለች?» ሲባሉ ግን ዝም ይላሉ። በሸሪዓ እናት፣ አያት፣ አክስት ሁሉም በመሕረምነት አሉበት፤ አያትም በሁኔታዋ ከውርስ ስድስተኛ ድርሻ አላት። የጥቢ ዝምድናን ደግሞ የሚያውቁት ሴቶቹ ብቻ ናቸው። እስካሁን ባየሁት ሁሉ የትም ቢሮ ተመዝግቦ አላገኘሁትም።

ከሽማግሌ የሰማችሁትን ስትጽፉ ሒሳብ ሥሩ። አንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት ነው። አሥር አያት የቆጠረ ሰው ወደ ኋላ የሄደው ሁለት መቶ ሃምሳ ወይም ሦስት መቶ ዓመት ያህል ነው። እኔ ግን አሥር ስም ቆጥሮ አሥረኛው ላይ «ከሶሓቦች ጋር ከመካ የመጣው» የሚል ወረቀት ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ከሂጅራ ወዲህ ያለውን ዘመን ለመሙላት ከአርባ በላይ አያት ያስፈልጋል። የጎደሉት ሠላሳዎቹ የት ሄዱ? የማያውቁትን ስም ከመሙላት ቦታውን ክፍት መተው ይሻላል። ከአባት ውጭ ወደ ሌላ ሰው ራስን ማስጠጋት በሐዲስ በብርቱ የተወገዘ ነገር ነው፤ ለክብር ተብሎ ሲደረግም ያው ነው።

ቀጥሎ የቤታችሁን ሣጥን ክፈቱ። በወሎና በዋግ ሙስሊም ቤቶች ከሁሉ የሚበልጠው መዝገብ የኪታብ የመጀመሪያና የመጨረሻ ባዶ ገጽ ነው። አያቶቻችን ልጅ ሲወለድ፣ ሰው ሲሞት፣ ድርቅ ሲገባ፣ አንበጣ ሲመጣ እዚያ ላይ ይጽፉ ነበር። አንዳንዱ በዐረብኛ ነው፤ አንዳንዱ ዐጀም ነው፤ ማለትም አማርኛው በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ነው። ኪታቡን የገለበጠው ማን እንደሆነ፣ ባለቤቱ ማን እንደነበር፣ ለማን ወቅፍ እንደተደረገ፣ ደረሳው ከየትኛው ሸይኽ እንደቀራ ይገኝበታል። ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ (ረሒመሁላህ) በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የወሎ ኢስላም የጻፉትንና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመውን መጽሐፋቸውን ያዘጋጁት እንዲህ ዓይነቶቹን የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፎች ከአዛውንቶች ቃል ጋር እያስተያዩ ነው። እኛ ግን የተቀደደ ኪታብ አይቶ «ይቀበር» የሚል ሰው በዝቶብናል። የቁርኣን ቅጠል ማክበር ተገቢ ነው። ከመቀበሩ በፊት ግን የዳር ጽሑፉን አንብቡት፤ በሞባይላችሁም ፎቶ አንሡት።

የዚያ ኒካሕ ጉዳይ የተፈታውም በዚሁ ነው። አባትየው ከአበርገሌ ሲወጡ ፍየሎቻቸውን ጥለዋል፣ ቤታቸውን ጥለዋል፤ የአባታቸውን ኪታብ ግን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ነበር። መጨረሻው ገጽ ላይ የልጆቹ ልደት ተጽፏል። ታላቁ ልጅ ሰፈር 1419፣ ሙሽራው ሸዋል 1421 ሂጅራ ይላል። እነዚህን ወደ እኛ አቆጣጠር ስንመልሳቸው የመጀመሪያው ግንቦትና ሰኔ 1990፣ ሁለተኛው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ጥር 1993 ዓ.ም. ላይ ይወድቃል። እማማን በድጋሚ ጠየቅናቸው፤ ዓመቱን ሳይሆን በዚያን ጊዜ ምን ይወራ እንደነበር። «የሻዕቢያ ጦርነት ተጀመረ ተብሎ ሰው ሁሉ ሬዲዮ ላይ ነበር፤ ክረምት ነው፤ ጎርፍ መንገድ ዘግቶባት ነው ወር የቆየችው» አሉ። ጦርነቱ የተጀመረው ግንቦት 1990 ነው። እሳቸው ተሳስተው የመጨረሻውን ዘመቻ፣ የግንቦት 1992ን ማለታቸው ቢሆን እንኳ ሙሽራው ገና አልተወለደም። የእማማን የመጨረሻ ልጅ የክትባት ካርድ አስወጥተን አየን፤ እሱም ከ1990 ጋር ገጠመ። የጠባው ታላቅየው ነው። ኒካሑ በተቀጠረለት ቀን ታሰረ። ታላቅ ወንድም ደግሞ ያላሰበው እናት አገኘ፤ ዛሬ ለዒድ መጀመሪያ የሚዘይረው እማማን ነው።

ስለ ሂጅራ አቆጣጠር አንድ ነገር ልጨምር። የሂጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ 33 የሂጅራ ዓመት ከ32 የፀሐይ ዓመት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ «ሰባ ዓመት ኖሩ» ተብሎ በዐረብኛ የተጻፈላቸው ሰው በእኛ አቆጣጠር ስልሳ ስምንት ያህል ነው የኖሩት። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ሁለት ወረቀት አይቶ «አንዱ ውሸት ነው» ይላል።

ከሣጥኑ ሌላም ይወጣል። የኒካሕ ወረቀት ላይ የወሊዩን ስም ተመልከቱ፤ ወሊዩ አጎት ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያን ቀን የሙሽሪት አባት በሕይወት የሉም ማለት ነው። የምስክሮቹም ስም ብዙውን ጊዜ የዘመድ ስም ነው። የመሬት ግብር ደረሰኝ ካለ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ደረሰኙ አንዳንዴ የሚቆረጠው ከሞቱ ዓመታት ባለፋቸው አባት ስም ነበርና «በ1950 በሕይወት ነበሩ» ብላችሁ ለመደምደም አትቸኩሉ። የንግድ ፈቃድ፣ የዕድር መዝገብ፣ የመስጂድ መዋጮ ደብተር፣ የገበሬ ማኅበር አባልነት ወረቀት ሁሉም ይጠቅማል።

ቢሮዎችን በተመለከተ ብዙ ተስፋ አላስጨብጣችሁም፤ ግን ባዶም አይደሉም። በመጀመሪያ የሸሪዓ ፍርድ ቤት አለ። የቃዲዎች ፍርድ ቤት በ1936 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 62 ከተደራጀ ወዲህ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ውርስና ወቅፍ በመዝገብ ይታያል። የውርስ መዝገብ ከሁሉ የሚበልጥበት ምክንያት ወራሾችን በሙሉ፣ ሴቶቹን ጭምር በስማቸው ስለሚዘረዝር ነው። ዋግ ለረጅም ጊዜ በወሎ ጠቅላይ ግዛት ሥር አውራጃ ስለነበረ ሰቆጣ ላይ ያልተገኘ ጉዳይ ደሴ ላይ መጠየቅ አለበት። እኔ ራሴ ለአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላልሼ በመጨረሻ «ምስጥ በልቶታል» ተብዬ ተመልሻለሁ። በአራተኛው ጊዜ ግን ሌላ ሠራተኛ አግኝቼ መዝገቡ በሌላ ሰው ስም ተሰፍቶ ተገኘ። ስለዚህ በመጀመሪያው «የለም» አትመለሱ።

በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰጠው የመሬት ይዞታ ደብተርም ያልተስተዋለ ጥቅም አለው። በደብተሩ ላይ አዋሳኞች በአራቱም አቅጣጫ ይጠቀሳሉ። ወንድማማች ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ነው የሚያርሰው። ሚስትም ከባሏ ጋር በስሟ ስለምትመዘገብበት የእናቶችን ስም ከምናገኝባቸው ጥቂት ሰነዶች አንዱ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው፤ ለአያት ፍለጋ አይጠቅምም፤ ለልጅ ልጆቻችሁ ግን ይጠቅማልና ልጆቻችሁን አስመዝግቡ። የሕዝብ ቆጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂዷል፤ ነገር ግን የሰው ስም ከዚያ አይሰጥም፤ የሚወጣው ቁጥሩ ብቻ ነው። አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ ወመዘክርና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት አሉላችሁ፤ በጥናት ተቋሙ የዐረብኛና የዐጀም የብራናና የወረቀት ጽሑፎችም ይገኛሉ።

በስም ጉዳይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። የእኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ በተግባር ግን አልዋለም። ስለዚህ በየትውልዱ ስሙ ይቀየራል። ጸሐፊው ደግሞ እንደ ሰማው ይጽፋል፤ አንዱ ሰው እንድሪስም ኢድሪስም፣ ይማምም ኢማምም፣ አሰንም ሐሰንም ሆኖ ይገኛል። «ሰይድ» በወሎ ተራ መጠሪያ ስም ነው፤ ሰይድ የተባለ ሁሉ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘር ነው ማለት አይደለም። «ሐጂ» ወይም «ነጋድራስ» ማዕረግ ሆኖ ሳለ ልጆቹ እንደ ስም ይቆጥሩታል፤ ከእሱ የተነሣ አንድ ሰው ሁለት አያት ይሆናል። በዚህ እኔም ተሳስቻለሁ። በደብተሬ ላይ ሦስተኛና አራተኛ አያት ብዬ የጻፍኳቸው ሁለት ስሞች የአንድ ሰው ስምና ማዕረግ መሆናቸውን የነገሩኝ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አክስቴ ናቸው፤ እየሳቁብኝ።

ከዚህ የሚከብደው ደግሞ አያት በሌላ ሃይማኖት ስም ሲገኙ ነው። በ1870 ዓ.ም. በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጊዜ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲያዝዙ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ «ሚካኤል»፣ አባ ዋጠው ደግሞ «ኃይለ ማርያም» ተባሉ። እነዚህ ታላላቆቹ ናቸው። ስማቸው በታሪክ ያልተጻፈ ሰዎችም እንዲሁ ሁለት ስም ይዘው ኖረዋል። ግማሹ ቆይቶ ተመልሷል፣ ግማሹ እዚያው ቀርቷል፣ ግማሹ ተሰዷል። ስለዚህ የአያታችሁ ስም በመካከል የክርስትና ስም ሆኖ ብታገኙት ገጹን አትቅደዱት። በወሎ ደግሞ ያለ ምንም ግዳጅ ተሰማ፣ ይመር ወይም መላኩ የሚባል ሙስሊም ሞልቷል። ከዚህም ሌላ በእውነት ክርስቲያን የነበሩ አያት ያላቸው የዋግ ሙስሊሞች ጥቂት አይደሉም፤ ዘመዶቻቸውም ዛሬ በጉርብትና አሉ። ዝምድናን የመቀጠል ግዴታ በሃይማኖት ልዩነት አይቀርም፤ አስማእ (ረ.ዐ.) ገና ያልሰለመች እናታቸው ልትጠይቃቸው በመጣች ጊዜ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እንዲቀበሏት ነው ያዘዟቸው። የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አለቃ ወይም መሪጌታ ዘንድ በወንጌሉ ኅዳግ ላይ የእናንተ አያት ስም ሊኖር ይችላልና ሽማግሌ ይዛችሁ በትሕትና ጠይቁ። እኔ ጠይቄ ቡና ተፈልቶልኝ ነው የተመለስኩት።

የባርነትም ነገር አለ። በአገራችን ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተከለከለው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ አይደለም። አንዳንድ ቤተሰብ ወደ ኋላ ሲቆጥር አያቱ ተገዝተው የመጡ መሆናቸውን፣ የአባት ስም ተብሎ የሚጠራውም የጌታቸው ስም መሆኑን ያገኛል። ዘይድ ኢብን ሓሪሳ (ረ.ዐ.) በአንድ ወቅት ዘይድ ኢብን ሙሐመድ ይባሉ እንደነበር አስታውሱ። ሱረቱል አሕዛብ ላይ ሰዎች በአባቶቻቸው እንዲጠሩ ሲታዘዝ ነው ወደ ራሳቸው አባት ስም የተመለሱት። አባታቸው ካልታወቁ ደግሞ በሃይማኖት ወንድሞች ናቸው ይላል ቁርኣኑ። እንዲህ ያለ ነገር ስታገኙ በሰው ሰርግ ላይ አታውሩት። የሰውን ዘር ለማዋረድ የሚፈልግ ሰው ሥራው ነሰብ ማጥናት ሳይሆን ሐሜት ነው፤ ሸማኔነትንና ቀጥቃጭነትን እንደ ነውር የሚቆጥረውም ያው ነው።

ይህን ሁሉ ዛሬ የማነሣው ጊዜ ስለሌለን ነው። ጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት በዚያው ዓመት ክረምት ዋግ ኽምራ ገባ። የአበርገሌና የዝቋላ ሕዝብ የሰላም ስምምነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላም ጭምር ተፈናቅሎ ሰቆጣና አካባቢዋ ቆይቷል። ቤት ተዘርፏል፣ የቢሮ ሰነድ ተበትኗል፣ ስንት ኪታብ ተቃጥሏል። አዛውንቶቻችን በመጠለያ አርጅተዋል፤ አንዳንዶቹም እዚያው አርፈዋል። አበርገሌ የሚለው ስም ራሱ ክልሎች ከተዋቀሩ ወዲህ በሁለት ክልል ውስጥ ያለ ወረዳ ስም ነው። ንሯቅ ያለው አጎትና የጭላ ያለው አጎት አንድ አያት ሆነው ሳለ ሰነዳቸው በሁለት መንግሥት መዝገብ ነው፤ በጦርነቱ ዓመታትም ለሞት እንኳ አልተገናኙም። ከዚያ በፊት በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ክፍለ ሀገር በሰፈራ የተወሰዱ ወገኖቻችን በመተከል፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦርና በሌሎችም ቦታዎች ወልደው ከብደዋል። የዋግ ቤተሰብ አያቱን ሲቆጥር የጎደለ አጎት ካለው ፓዌን ይጠይቅ። ዝርዝር ከመፈለግ ሰው መፈለግ ይቀላል፤ የመስጂድ ኢማም ስልክ አግኝቶ መደወል ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆቻችን ምራቅ ልካችሁ የዘር ምርመራ እንደምታሠሩ እሰማለሁ። የየትኛው አካባቢ ሕዝብ ደም እንዳለባችሁ ይጠቁማችሁ ይሆናል፤ ቅርብ ዘመዳችሁ ተመርምሮ ከሆነም ሊያገናኛችሁ ይችላል። የአያታችሁን ስም፣ ማን ያጠባቸው እንደሆነና የት እንደተቀበሩ ግን አይነግራችሁም። በዚያ ገንዘብ ለአያታችሁ ስልክ ደውሉና ግማሽ ሰዓት ቅዱ።

ለቤተሰቡ አንድ ደብተር ይኑር። ለእያንዳንዱ ሰው ስም፣ አባት፣ እናት፣ ያጠባች ሌላ ሴት ካለች፣ የተወለደበት ዘመን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፣ የተቀበረበት ቦታና ይህን የነገረን ማን እንደሆነ ይጻፍ። የመጨረሻውን ሰው ሁሉ ይዘለዋል፤ ነጋሪው ግን መጻፍ አለበት። ሁለት ሽማግሌ ሁለት የተለያየ ነገር ቢናገሩ ሁለቱም ከነስማቸው ይስፈሩ። ሐዲስ የሰበሰቡት ዑለሞቻችን የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ቃሉን ብቻ ሳይሆን ከማን እንደሰሙት ጽፈውልናል።

በእኔ ደብተር ላይ አምስተኛው አያት ዘንድ ሁለት ስም አለ። አክስቴ አንዱን ብለዋል፤ አጎቴ ሌላውን። አንዱ የሙስሊም ስም ነው፣ ሌላው አይደለም። ምናልባት ሁለቱም የአንድ ሰው ስም ይሆናል፤ ዘመኑም ከ1870ው ጋር ይገጥማል። እስካሁን ማረጋገጫ አላገኘሁምና ከጎኑ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጌበታለሁ። የአክስቴ ባል ዘመዶች አንድ የቆየ ኪታብ በላስታ በኩል አለን ብለውኛል፤ ከረመዷን በኋላ ሄጄ አየዋለሁ፣ ኢንሻአላህ።